ተሸጣ የማታልቀው ሞተር

በያጁ በግቢው ደረጃ ሥር፣ ጭንቅላቱ ከብረት በሩ ጠርዝ አጠገብ፣ ደሙ ድንጋዩን እያራሰ ተገኘ። ነፍሱ አለች፤ ቃል ግን የለውም። አንዱ ነጠላ ጫማው ደረጃው ላይ ቀርቷል። ከደረጃው ጎን ሁልጊዜ ሸራ ለብሳ የምትቆመው ትንሿ ቀይ ሞተር ሳይክል የለችም፤ ሸራዋ ብቻ ተጨማዶ መሬት ላይ ወድቋል።

ከውጭ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ግን እንዳለ ነው፦ «ያገለገለች ትንሽ ሞተር፣ በጥሩ ይዞታ ላይ ያለች፣ በተመጣጣኝ ዋጋ። ባለቤቱ ከሥራ በኋላ ሁልጊዜ ቤት አለ።» ዝናብ ያደበዘዘውን ፊደል አንድ ሰው በእስክሪብቶ እየደጋገመ አድምቆታል።

ጉዳዩን የያዘው ኢንስፔክተር ማን እንደሆነ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። እሱን የማያውቅ ካለ ገና ያልተወለደ ነው። ሌባ እሱን በሕልሙ ካየ ጠዋት ተነስቶ የሰረቀውን ይመልሳል ይባላል፤ የሚለው ራሱ ኢንስፔክተሩ ቢሆንም እስካሁን ያስተባበለ ሌባ የለም። በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ወደዚህ የሰው አገር መጥቶ፣ ቋንቋውን ከባለቤቶቹ አስበልጦ ተናግሮ፣ ፖሊስ ሆኖ ሽበቱን እዚሁ አብቅሏል። ስለዚህ የአገሩ ልጅ ሲሰረቅም ሲሰርቅም ጣጣው የሚወድቀው እሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዝናው እንዲህ ከተማ የሚያናውጥ ይሁን እንጂ፣ ሥራ ውሎ ቤቱ ሲገባ «እንዴት ዋልክ?» የሚለው የፍሪጁ ማጉረምረም ብቻ ነው።

«ዝርፊያና የግድያ ሙከራ» አለች ሳጅኗ፣ ሸራውን በእግሯ ጫፍ እየነካች። የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ወንጀልን እንደ እራት ቶሎ አቅርባ ቶሎ ማንሳት ትወዳለች። «ሞተሩን ሊወስድ መጣ፣ ተናነቁ፣ በብረት መታው፣ ሄደ።»

ኢንስፔክተሩ ደረጃው ላይ የቀረውን ነጠላ ጫማ ጎንበስ ብሎ አየ። ዝም ሲል ትልቅ ነገር የሚያስብ ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ያስባል።

አከራይዋ ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ የአገር ልጅ፣ የመንደሩ ሁሉ ዓይንና ጆሮ የሆኑ አሮጊት ናቸው። ያዩትን ሲናገሩ ዓለም የተፈጠረበትን ቀን የሚያወሱ ይመስሉ ነበር። ጓዳ ሆነው ጩኸት ሰሙ፤ መስኮቱ ዝግ ስለነበር ቃሉን አልለዩትም። ሮጠው ሲደርሱ በያጁ ወድቋል፤ ሞተሯም ከነጋላቢዋ መታጠፊያው ጋ ደርሳለች። ጋላቢውን ከኋላው ብቻ ነው ያዩት።

«የሱን የሥራ ጃኬት ለብሷል፣ ኮፍያውን እስከ ጆሮው አጥልቆ። ቀጥ ብሎ እንደ ሻማ! ሰው ገድሎ እንኳ አንዴ ዞር አይልም? ድንጋይ ነው እንጂ ሰው አይደለም፣ ልጄ።»

ኢንስፔክተሩ ጃኬቱ ላይ ቆም አለ። ሞተር ሊሰርቅ የመጣ ሰው፣ የባለቤቱን ጃኬት ለብሶ፣ ኮፍያውን አጥልቆ ይሄዳል? ብርድ የሚፈራ ሌባ በሥራ ዘመኑ አጋጥሞት አያውቅም። ከዚያ ደግሞ ያ ያልዞረ አንገት አለ። ሌባ ወደኋላ ያያል። ያለፈውን ሁሉ ትቶ ወደማያውቀው አገር የሚጋልብ ሌባ እንኳ መታጠፊያው ላይ አንዴ ዞር ይላል።

ወደ ሞተሯ ማን ማን ይመጣ እንደነበር ጠየቀ። አከራይዋ ሳቁ፤ ማን ያልመጣ አለና? ማስታወቂያው ከተለጠፈ ጀምሮ ደረጃቸው በሰው እግር አልቋል። ገዢ ይገባል፣ ሻይ ይፈላል፣ ሳቅ ይሰማል፣ ገዢ ባዶ እጁን ይወጣል። ነገ ሌላ። ትናንት ግን ከገዢዎቹ አንዱ፣ ዳቦ አከፋፋይ የሆነው፣ መጥቶ ግድግዳ የሚሰነጥቅ ጠብ ነበር። «በዚች ሞተር የተነሳ አንድ ቀን ሰው ይሞታል» ሲል በጆሯቸው ሰምተዋል።

ሳጅኗ ወደ መኪናው እየሮጠች ነበር።

የበያጁ ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ ሁለት ወንበር ነበረው። አልጋው ያረጀ፣ ምድጃው የጠቆረ፣ ወንበሮቹ ግን አዲስ ናቸው፤ አንዱ ትራስ አለው። ትራስ ያለው የእንግዳው መሆኑ ያስታውቃል፤ የበያጁ ወንበር እግሮቹ ላይ የብየዳ ፍንጣሪ ያቃጠለው ሱሪ ክር ተጣብቋል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ፣ ግማሽ የተጠጣ ሻይ። በአንዱ የሻይ ማስቀመጫ ሳህን ላይ ደግሞ ባቄላ የምታህል፣ የቆዳ ቀለም ያላት፣ ለመስማት የምትረዳ የጆሮ መሣሪያ።

ሳጅኗ አይታት ነበር፤ የብየዳ ቤት ጩኸት ያደነቆረው ምስኪን ብላ የተጎጂው ዕቃ አድርጋ መዝግባታለች። ኢንስፔክተሩ መሣሪያዋን በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። ሆስፒታል ሲሄድ ይሰጠዋል። ሰው ሲነቃ ጆሮው አጠገቡ ቢሆን መልካም ነው።

ዳቦ አከፋፋዩን ከእንቅልፉ ነው የያዙት። ጣቢያው ኮሪደር ላይ ሚስቱ በአግዳሚው ጫፍ ተቀምጣለች፤ ከአገር ቤት ከመጣች ገና የሻንጣዋ ሽታ አልለቀቃትም። የመኖሪያ ፈቃዱን እስኪያገኝ፣ ከዚያ እሷን እስኪያስመጣ፣ ሁለቱም ወጣትነታቸውን ስልክ ላይ ጨርሰዋል። አሁን ነገ ጠዋት ክስ ከተመሠረተበት ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ከተሰረዘ ይባረራል። ይህን ለሷ ያስረዳት የለም፤ የሰው አገር ቋንቋ ባታውቅም ግን ከሳጅኗ ፊት አንብባዋለች።

«ጋሼ» አለችው ኢንስፔክተሩን፣ ቋንቋዋን ከአፉ ስትሰማ ብድግ ብላ። «እሱ እኮ ዶሮ ሲታረድ ዓይኑን የሚጨፍን ነው።»

ኢንስፔክተሩ ዶሮ ሲታረድ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ፣ ሰው ሲያርዱ ግን የማይጨፍኑ ጥቂት አጋጥመውታል። አልነገራትም። ሻይ እንዲያመጡላት አዘዘና ገባ።

ዳቦ አከፋፋዩ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጉት እጆቹ አሁንም ዱቄት ነበራቸው። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ዳቦ በእጅ ጋሪ ያደርሳል፤ ሞተር ቢኖረው ሁለት እጥፍ ሠፈር ይሸፍን ነበር። አመሻሽ ላይ የት ነበርክ ሲባል ተኝቼ አለ። ማን አየህ ሲባል የተኛ ሰው ማን ያየዋል አለ። ሚስትህስ? ሥራ ፍለጋ ወጥታ ነበር።

«ሞተሯን ልግዛ ብዬ ስሄድ ስሄድ ጫማዬ አለቀ፣ ጋሼ። አንዴ መስታወቷን አልቀየርኩም ይላል፣ አንዴ ዋጋዋን አሰብኩበት ይላል፣ አንዴ ደግሞ ሻይ ጠጣ ብሎኝ ስለ ልጅነቱ እስኪመሽ ያወራኛል። ትናንት ነደደኝ። ሰው መጫወቻህ ነው ወይ አልኩት። ያን ነገር... ያን ስለ ሞት የተናገርኩትን ተናገርኩ። አከራይዋ ያን ሰምተው ይሆናል። በኋላ የሆነውን ግን አልሰሙም።»

«በኋላ ምን ሆነ?»

«አለቀሰ መሰለኝ፤ ፊቱን አዞረ። ‹ይቅር በለኝ፣ ነገ ማታ ና፣ ቁልፉን እሰጥሃለሁ› አለኝ። እጄን ጨበጠኝ። ማታ በእጄ የሚሰጠኝን አመሻሽ ላይ ልሰርቅ?»

ሳጅኗ ማስረጃ ጠየቀች። የእጅ ጭብጥ ማስረጃ የለውም።

ኢንስፔክተሩ ሞተሯን ነድቷት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው። ሰውየው በዚያ ጭንቀት መሃል ፈገግ አለ። አንዴ ነድቷታል፣ በአንድ እግር ጫማ። በያጁ ሕግ ነበረው፤ ለሙከራ የሚነዳ ሰው መያዣ ይተዋል። መታወቂያ አይቀበልም፤ ሰው መታወቂያውን ጥሎ ይጠፋል ይላል። የሚቀበለው ያለሱ ቤትህ የማትገባበትን ነገር ነው። ከዳቦ አከፋፋዩ የቀኝ ጫማውን ወሰደ። ከአንድ መምህር መነጽሩን ወስዶበት፣ ሰውየው ግቢው ውስጥ ያለውን ዛፍ ገዢ መስሎት ሰላም ሊለው ነበር ይባላል።

ኢንስፔክተሩ ሳቀ። ከሳቀ ብዙ ጊዜው ነበርና ድምፁ ራሱን አስደነገጠው።

ቀጥሎ የሄደው አሮጌ ዕቃ ነጋዴው ዘንድ ነው። ሠፈሩ «ብሎን» ይለዋል፤ ሱቁ የሞቱ ሞተሮች መቃብር ነው፤ የተሰረቀ ሞተር በከተማው ካለ ወይ እሱ ጋ አድሯል ወይ እሱ ጋ ያድራል። ኢንስፔክተሩ የሱቁን መጋረጃ እንደ ንጉሥ ገልጦ ገባ። ብሎን ግን አልደነገጠም።

«ያቺን? በነፃ ቢያመጧትም አልቀበልም፣ አለቃ። የኋላ ፍሬኗ ሞቷል፣ የፊቱ ሊሞት ነው። ባለቤቱ ያለፈው ሳምንት መጥቶ የፍሬን ገመድ አዘዘኝ፤ ገና አልደረሰም። ለነገሩ እኔም ልገዛት ሦስቴ ሄጄ ነበር።»

«ለምን አልገዛሃትም?»

ብሎን የቅባት ጨርቁን አጣጠፈ። ሄዶ ነበር፣ ሻይ ጠጣ፣ ስለ እናቱ ጠይቆ አጫወተው፤ ሰው ስለ እናቱ ከጠየቀው ዘመን አልፎት ነበር። ሲወጣ ስለ ሞተር መነጋገራቸውን ረስቶት ነበር። «ያ ሰው ሞተር አይሸጥም» አለ። «ማስታወቂያው ሰው ማጥመጃ ነው። ክፉ አትበለኝ እንጂ፣ እኔም እየወደድኩት ነበር የምጠመደው።»

ኢንስፔክተሩ ከሱቁ ሲወጣ ያን ግድግዳ ላይ ያለውን ወረቀት አሰበ። ዝናብ ሲያጠፋው የሚያደምቀው እጅ የማን እንደሆነ ገባው። ሌላም ነገር ገባው፤ ሞተሯን የወሰደው ሰው ፍሬን አልባ ሞተር ነው የወሰደው። ይህን የሚያውቅ ሌባ አይወስዳትም። የማያውቅ ሌባ ደግሞ ሩቅ አይደርስም።

ሆስፒታል ሲደርስ በያጁ ጭንቅላቱ እንደ ጥጥ ክምር ተጠቅልሎ ተኝቷል። ነርሷ አንዴ ነቅቶ መልሶ መተኛቱን ነገረችው። ቁስሉ ከምት ነው ወይስ ከውድቀት ብሎ ጠየቀ፤ ሐኪሙ ሁለቱም ይሆናል ብሏል። ኢንስፔክተሩ መሐረቡን ፈትቶ የጆሮ መሣሪያዋን ሰጣት፤ ሲነቃ ያስፈልገዋል አላት።

ነርሷ አየቻትና ራሷን ነቀነቀች። «የሱ አይደለችም። እኔና ጓደኛዬ በር ላይ ስናንሾካሹክ ነው የነቃው። ጆሮው ከኔ ይሻላል።»

ኢንስፔክተሩ መሣሪያዋን መዳፉ ላይ አድርጎ ቆመ። የዓለም መርማሪዎች በሙሉ ተሰብስበው ያላዩትን ያየ መሰለው፤ በዚህ ቅጽበት እንኳ ቢመስለው አይፈረድበትም። ያለሱ ቤትህ የማትገባበት ነገር። ከኋላው ሰው እየጮኸ ያልዞረ አንገት።

ለአከራይዋ ደወለ። ከበያጁ እንግዶች መሃል ጆሮው የከበደ አለ ወይ አለ።

«ጆሮዋ የከበደው ልብስ ሰፊዋ ናት» አሉ። «እሷማ ሁልጊዜ ትመጣለች፤ ከጥጉ ሱቅ ጀርባ ያለችው። ግን ሴት ሞተር ምን ይሠራላታል ብዬ አልቆጠርኳትም።»

የልብስ ሰፊዋ ቤት በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አንኳኳ። ከዚያ ሙታን የሚቀሰቅስ አንኳኳ። በስንጥቁ ሲያይ ጀርባዋ ይታያል፤ በስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ መርፌውን ታስሮጣለች፣ ከመርፌው ሥር ግን ጨርቅ የለም። አልዞረችም። ገብቶ መብራቱን አጠፋና አበራ። ያኔ እግሯ ቆመ።

የእሱ እኩያ የምትሆን፣ ጣቶቿ በመርፌ የተበሳሱ ሴት ናት። ከኋላዋ በነጭ የመጋረጃ ጨርቅ የተሸፈነ ነገር አለ፤ ከጨርቁ ሥር የሞተር ቀይ ጭራ ይታያል።

«ሞተ?» አለች። የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ ጮክ ብላ ነው ያለችው።

ኢንስፔክተሩ አልሞተም ለማለት ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። ከዚያ መሣሪያዋን ዘረጋላት። ተቀበለችና ጆሮዋ ላይ አላደረገችም፤ መቀሷ አጠገብ አስቀመጠቻት።

«መጀመሪያ ልናገር። የሚሉኝን ከሰማሁ አልጨርሰውም።»

ነገረችው። ማስታወቂያውን ያነበበችው በመንገድ ስታልፍ ነው። ሞተር አስባ አታውቅም፤ የሳባት የመጨረሻዋ መስመር ናት። «‹ባለቤቱ ሁልጊዜ ቤት አለ› ይላል። እኔ በዚህ አገር ስኖር ሁልጊዜ ቤት ያለ ሰው አላውቅም።» ገብታ ስለ ጎማው ጠየቀች። ሻይ አፈላላት። በሚቀጥለው ስለ መቀመጫው ጠየቀች። እሱ ዋጋ ይጨምራል፣ እሷ ትቀንሳለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። እሱ እንደማይሸጥ ታውቃለች። እሷ እንደማትገዛ ያውቃል። አንዳቸውም ይህን ተናግረው አያውቁም፤ ከተናገሩት የመምጫ ሰበብ አይኖርማ።

ዛሬ ስትሄድ ሻዩን ቀድቶ ተቀመጠና ሞተሯ ተሸጣለች አላት። የዳቦ ሰው ማታ ይወስዳታል፤ ልጁን ማድከሙ ኃጢአት ሆኖበታል።

«እንኳን ደስ አለህ አልኩት። ምን ልበለው? ሻዩን በግማሽ ተውኩት። ከዚያ አንዴ ልንዳት አልኩት፣ ለስንብት። በልጅነቴ የወንድሜን እነዳ ነበር። ‹ሕግ ሕግ ነው፣ መያዣ› አለኝ፤ እየቀለደ ነው። እኔም እየቀለድኩ ጆሮዬን አውልቄ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ሳቅን። ብርድ ይመታሻል ብሎ ጃኬቱን አለበሰኝ።»

ኢንስፔክተሩ የቀረውን ራሱ ሊጨርስላት ይችል ነበር። ሞተሯ ስትነሳ በያጁ ፍሬኑ ትዝ አለው። በነጠላ ጫማ ደረጃውን እየዘለለ ከኋላዋ ጮኸ፤ ጆሮዋን እቤቱ ሳህን ላይ አስቀምጦ፣ ለጀርባዋ ጮኸ። ጫማው ከዳው። በሩ ጠበቀው። ማንም አልመታውም።

እሷ ግን ፍሬን ስትይዝ ምንም የሚይዝ ነገር አጣች። ግንባታ ቦታ የአሸዋ ክምር ላይ እስክትወጣ ድረስ ሄደች። ሞተሯን እየገፋች ስትመለስ አምቡላንስ፣ ፖሊስ፣ ደም። ምንም አትሰማም፤ የአንዲት ሴት አፍ ግን ሲንቀሳቀስ አየች። አፍ ማንበብ ትችላለች። «ሰርቆ፣ ገድሎ ሄደ» ነበር የሚለው አፍ። ሞተሯን የያዘችው ደግሞ እሷ ናት።

«ዞርኩና መጣሁ። ከዚያ ወዲህ ይኸው ዝም ነው። እዚህ ቤት ድሮም ዝም ነበር። አሁን ግን ዝም ብሎ እንኳ ዝም አይልም።»

መሣሪያዋን አንስታ ጆሮዋ ላይ አደረገች። ኢንስፔክተሩ ያኔ ስለ ዳቦ አከፋፋዩ ነገራት፤ ስለ ነገው ክስ፣ ስለ ፈቃዱ፣ አግዳሚው ላይ ስላለችው ሚስት። ልብስ ሰፊዋ አላስጨረሰችውም። ነጩን ጨርቅ ገፈፈችና ካፖርቷን ወሰደች።

ፍሬን የሌላትን ሞተር ሊነዷት አልደፈሩም። ከተማው ለሁለት ተከፍሎ የሚያይ በሚመስል ሁኔታ፣ ኢንስፔክተሩ በአንድ መሪ፣ ልብስ ሰፊዋ በሌላው፣ እስከ ጣቢያው ገፏት። መንገድ ላይ ብዙም አልተነጋገሩም። አንዴ ብቻ ስንት ጊዜ በዚህ አገር ኖርክ ብላ ጠየቀችው፤ መልስ ሲሰጥ ከጎኑ የሚሄድ ሰው ካገኘ ምን ያህል እንደሆነው አሰበ።

ሳጅኗ የልብስ ሰፊዋን ቃል ሰማች። በያጁም በዚያው ሰዓት ነቅቶ፣ ሆስፒታል ለቆመው ፖሊስ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል «ፍሬኗን... ሴትየዋ ደህና ናት?» የሚል ሆነ። ሳጅኗ የክሱን ወረቀት ቀድዳ ጣለች፤ መሳሳቷን አልተናገረችም፣ ቁልፉን ግን ራሷ ከፈተች። ዳቦ አከፋፋዩ ሲወጣ ሚስቱ አላቀፈችውም፤ ዱቄታም እጁን ይዛ አየችው፣ ደግማ አየችው፣ ከዚያ አልለቀቀችውም። እንደተያያዙ ወጡ።

በማግስቱ ከሰዓት በሆስፒታሉ ክፍል ወንበር ጠፋ። ዳቦ አከፋፋዩና ሚስቱ ትኩስ ዳቦ ይዘው መጥተዋል፤ ልብስ ሰፊዋ የታጠበ ጃኬት ይዛ መጥታለች፤ ኢንስፔክተሩ ለመዝገቡ ማሟያ ነው የመጣሁት ብሏል፣ መዝገቡ ግን ጠዋት ተዘግቷል። በያጁ ልብስ ሰፊዋ የመለሰችለትን የሞተሯን ቁልፍ ከትራሱ ሥር አወጣና ለዳቦ አከፋፋዩ ሰጠው። ገመዱ ሳይገባ እንዳትነሳ አለው። ልጁ ቁልፉን ተቀብሎ ጎንበስ አለ፤ ሥራ አለና ከሚስቱ ጋር ቶሎ ሄደ።

ልብስ ሰፊዋ የካፖርቷን ቁልፎች አንድ በአንድ ትቆልፍ ጀመር፤ ቀስ ብላ፣ ሲያልቁባት ምን እንደምታደርግ እንደማታውቅ ሰው።

«እህቴ» አለ በያጁ፣ ጣሪያውን እያየ። «ሞተሯ ተሸጣለች። የሄልሜቷን ነገር ግን ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም። እሷን ለብቻዋ ነው የምሸጣት።»

እጇ የመጨረሻው ቁልፍ ላይ ቆመ።

«ያገለገለች ናት?» አለች።

«በጥሩ ይዞታ ላይ ያለች።»

«ማየት አለብኝ።»

«እንዴታ። ሳያዩ መግዛት የለም።»

ኢንስፔክተሩ ባርኔጣውን አንስቶ በሩ ጋ ደርሶ ነበር። በዚህ ዓለም ላይ የሚነዳው ሞተር የለውም፤ የመግዛትም ሐሳብ ኖሮት አያውቅም። በሩን እንደያዘ ዞረና፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ራሱን የሚያስገርም ጥያቄ ጠየቀ።

«ለሁለት ገዢ ታሳያታለህ?»